ፎካሪውና አንጎራጓሪው፦ የወንድ ድምፅ ታሪክ ከጦር ሰፈር እስከ ፌርፋክስ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ የሚባለውን ጎዳና የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ካለ፣ ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። ከኦሊምፒክ ጎዳና በስተደቡብ ያለው አጭር ክፍሉ በኦገስት 2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቡናችን የሚቆላው፣ በርበሬያችን የሚሸጠው፣ የአገር ቤት ወሬ የሚጣራውም የሚደባለቀውም እዚያ ነው። ጎዳናው ግን እዚያ አያበቃም። ወደ ሰሜን ሲሄዱ ዊልሸርን ይሻገራል፤ የአውቶሞቢል ሙዚየሙንና ዛሬ የፊልም ሙዚየም የሆነውን የ1939ኙን የሜይ ካምፓኒ ሕንፃ ያልፋል፤ የገበሬዎች ገበያውን፣ የአይሁዶቹን ምግብ ቤት ካንተርስን፣ የፌርፋክስን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልፎ ከሳንታ ሞኒካ ጎዳና ጋር ሲገናኝ ዌስት ሆሊውድ ይገባል። ዌስት ሆሊውድ በ1984 ራሷን የቻለች ከተማ ስትሆን፣ ከመጀመሪያው የከተማ ምክር ቤቷ አባላት አብዛኞቹ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆናቸውን በይፋ የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ሦስት ማይል አይሞላም። 217 ቁጥር አውቶቡስ በዚያው መስመር ይመላለሳል።

እኔ በዚህ ጎዳና ደቡባዊ ጫፍ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቡና ጠጥቻለሁ። የእህቴ ልጅ የሚኖረው በሰሜናዊው ጫፍ ነው። ለስድስት ዓመታት ያህል ግን ዓይን ለዓይን አልተያየንም ነበር።

ምክንያቱን ልናገር። በ2014 የአዲስ ዓመት በዓል ዋዜማ በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ሳለ ይህ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ ትዝታ ዘፈነ። ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትከሻውን እያወዛወዘ፣ ቀጭን በሆነ፣ እንደ ክር በሚሳብ ድምፅ ነበር የዘፈነው። ከጠረጴዛችን አንዱ «ይኼ ልጅ ሴታሴት ነው እንዴ?» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከመድረክ ወርዶ ወደ እኔ ሲመጣ ደግሞ፣ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ፣ «ወንድ ልጅ እንዲህ አይዘፍንም፤ ደረትህን ነፋ አድርገህ ዝፈን እንጂ» አልሁት። መልስ አልሰጠኝም። ኮቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሿ ኢትዮጵያ ውስጥ ያየው የለም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ያችን ከአፌ ያመለጠችን ዓረፍተ ነገር የሚመረምር ነው። «ወንድ ልጅ እንዲህ አይዘፍንም» ያልሁት እውነት ነበርን? ለመሆኑ ወንድ ልጅ በእኛ አገር እንዴት ነበር ሲዘፍን የኖረው?

፩

በ2020 የበጋ ወራት፣ ወረርሽኙ ሁላችንንም በየቤታችን ዘግቶብን ሳለ፣ እህቴ ከልጇ የተላከልኝ ነው ብላ አንድ ሸክላ በሬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። የድሮ ሸክላዎችን እንደምሰበስብ ልጁ ያውቃል። በልጅነቱ መርፌውን ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በሽፋኑ ላይ ደረቱን የገለጠ ነጭ ወጣት በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ይታያል። በውስጡ ወረቀት ነበረበት፤ በተወላገደ የአማርኛ ጽሕፈት «ጋሼ፣ ወንድ ልጅ እንዲህም ይዘፍናል» ይላል።

ዘፋኙ ማይክ ሃድሪያስ ይባላል፤ የመድረክ ስሙ ፐርፊውም ጂኒየስ ነው። በ1981 የተወለደ፣ በሲያትል አካባቢ ያደገ፣ ኋላም ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣ፣ ወንድ አፍቃሪ ወንድ መሆኑን ከመጀመሪያው አልበሙ ጀምሮ ያልሸሸገ ሰው ነው። በተማሪነቱ ዘመን ስድብና ዛቻ እንደደረሰበት ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ይህ አምስተኛው አልበሙ በሜይ 15 ቀን 2020 በማታዶር ኩባንያ ታተመ፤ አሥራ ሦስት ዘፈኖች አሉት። ርእሱ «ልቤን አሁኑኑ አንድደው» እንደማለት ነው።

በቁጣ ነበር መስማት የጀመርሁት። ቁጣዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ የጠበቅሁት ነገር አልነበረበትምና። የጠበቅሁት ወንድነትን የሚያላግጥ ዘፈን ነበር። ያገኘሁት ግን ወንድነትን እንደ አባቱ ካፖርት ከቁም ሣጥን አውጥቶ፣ ለብሶ፣ እጅጌው እንደረዘመበት እያየ በመስተዋት ፊት የሚቆም ሰው ነው። የመጀመሪያው ዘፈን «ሆል ላይፍ» የሚከፈተው በ1950ዎቹ የነበሩ አሜሪካውያን የፍቅር ዘፋኞች በሚያዜሙበት ዓይነት ስሜት ነው። «ዲስክራይብ» በተባለው ደግሞ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያጉረመርማል፤ የዘፋኙም ድምፅ ወርዶ ይጎረናል። ከበሮውን የመታለት ከጆን ሌነንና ከቦብ ዲለን ጋር የሠራው አንጋፋው ጂም ኬልትነር ነው፤ ቤዙን የተጫወተለት ፒኖ ፓላዲኖ ነው፤ አቀናባሪው ብሌክ ሚልስ ነው። አሜሪካ «የወንድ ሙዚቃ» ብላ የምታከብረውን የሮክና የካንትሪ ዕቃ በሙሉ ይዞ ነው የቀረበው። ከዚያ «ጄሰን» የሚለው ዘፈን ይመጣል። እዚህ ላይ ጎርናናው ድምፅ ይጠፋና ሃርፕሲኮርድ በተባለው የጥንት አውሮፓ መሣሪያ ታጅቦ፣ የእህቴ ልጅ በአዳራሹ ያሰማው ዓይነት ክር የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ታሪኩ ራሱን ወንድ አፍቃሪ አድርጎ ከማይቆጥር ሰው ጋር ስላሳለፉት አንድ ሌሊት ነው። እኔ እንደሰማሁት፣ በዚያ ዘፈን ውስጥ የሚፈራው ጠንካራ የተባለው ወንድ ነው፤ የሚያባብለው ደግሞ ደካማ የተባለው።

ሙከራ የሚያሰኘው እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ሰው በአንድ አልበም ውስጥ ከጎርናናው ወደ ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ ወደ ጎርናናው ይመላለሳል፤ የትኛው እውነተኛ ድምፁ እንደሆነ ግን አይናገርም። ሁለቱም የእርሱ ናቸው።

የሚገርመው፣ በዚያው በሜይ 15 ቀን የሌላ ወጣት አልበም ሁለተኛ ክፍልም ወጥቷል። ሞዝስ ሰምኒ ይባላል፤ በካሊፎርኒያ ከጋና ፓስተሮች ተወልዶ፣ የልጅነቱን ከፊል በጋና ያሳለፈ ነው። «ግሬ» በተባለው በዚሁ አልበሙ ውስጥ «ቪራይል» ብሎ፣ «ወንዳዊ» እንደማለት፣ የወንድነትን ሸክም የሚሞግት ዘፈን አለው፤ እርሱም በዚያ ቀጭን ድምፅ ያዜማል። ነገሩ የፈረንጅ ቅብጠት ነው ብዬ እንዳልፈው ይህ የአፍሪካ ስደተኛ ልጅ ከለከለኝ። ስለዚህ ወደ ራሴ መደርደሪያ፣ ወደ ራሴ ሸክላዎች ዞርሁ።

፪

በእኛ ሙዚቃ ውስጥ የወንድ ድምፅ ተብሎ በቅድሚያ የሚጠራው ፉከራና ቀረርቶ ነው። ፎካሪው ከዘመቻ ሲመለስ በንጉሡ ወይም በአለቃው ፊት ይወጣል፤ ጋሻውን እያንቀጠቀጠ፣ ጦሩን እየሰበቀ፣ ወዲህና ወዲያ እየዘለለ፣ የማን ልጅ፣ የማን አሽከር እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ ይዘረዝራል። ሰውየው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ነበሩ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1966 ስለ ኢትዮጵያውያን የወንድነት አስተሳሰብ ባሳተመው ጥናት፣ በአማራው ዘንድ «ወንድነት» የሚለው ቃል በዋነኛነት ከጽናትና ከጦረኝነት ጋር የተሳሰረ መሆኑን ጽፏል።

ይሁንና ፉከራን ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ ፉከራ ትርኢት ነው። ልብስ አለው፤ የአንበሳ ጎፈሩ፣ ለምዱ። እንቅስቃሴ አለው። ከሁሉ በላይ ተመልካች አለው። እልል የሚሉ ሴቶች ከሌሉ፣ «በለው!» የሚል አዝማሪ ከሌለ፣ ፎካሪ ብቻውን በሜዳ ላይ የሚጮህ ሰው ነው። ወንድነቱን የሚሰጡትም የሚነፍጉትም ሌሎች ናቸው። ጌጡንም ልብ እንበል። አባቶቻችን ሹሩባ ይሠሩ ነበር፤ ገዳይ የተባለ ጀግና ጠጉሩን መጎንጎኑና ቅቤ መቀባቱ የክብሩ ምልክት ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስንም ያለ ሹሩባ የሣላቸው ሠዓሊ ጥቂት ነው። ዛሬ በፌርፋክስ ልጁ ሹሩባ ቢሠራ «ምነው እንደ ሴት?» የሚለው አባት፣ ሳሎኑ ውስጥ የቴዎድሮስን ሥዕል ሰቅሏል።

ይህን ድምፅ ወደ ዘመናዊ መሣሪያ ያሻገረው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ጌታቸው በ1940ዎቹ መጨረሻ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የተጫወተ ሳክስፎኒስት ነበር። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን አስለለው። መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ፣ የጦረኛ ልብስ ለብሶ ይወጣ ነበር። በ2006 ደግሞ «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ የፓንክ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሠራ፤ በ2016 አረፈ። የሙከራ ሙዚቃ ለእኛ እንግዳ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይህን ሳክስፎን ይስማ። ቃሉ ሲወጣለት ሽለላው ምን እንደሚመስል ይስማ። «ገዳይ» የሚለው ቃል የለም፤ የተገደለውም ሰው ስም የለም። የቀረው ትንፋሽ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ልቅሶ የሚያዘነብል ትንፋሽ።

፫

ሁለተኛው የወንድ ድምፅ እንጉርጉሮ ነው። ይህም የታሪክ ምፀት አለበት። ዘመናዊ ሙዚቃችን ያደገው በጦር ሰፈር ነው። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የነፋስ መሣሪያ ባንዱን ከመሠረቱ ወዲህ፣ ቀጥሎም በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ዘመን፣ ዘፋኞቻችን የመንግሥት ደመወዝተኞች፣ ብዙዎቹም ባለ መለዮ ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር። ማሕሙድ አህመድም ከ1962 ጀምሮ ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር ዘፍኗል።

ታዲያ እነዚህ በወታደር ቤት ያደጉ ወንዶች ምን ዘፈኑ? አዎን፣ አገር ሲጠራቸው ቀረርቶ ዘፍነዋል። ሕዝቡ በልቡ ያኖራቸው ግን ስለ ቀረርቷቸው አይደለም። የታወሱት ስለ ተለየቻቸው ሴት፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መሸነፍ በዘፈኑት ነው። በጥላሁን ድምፅ ውስጥ ሳግ ይሰማል። የማሕሙድ ትዝታ ጉሮሮውን እያንቀጠቀጠ፣ ከጎርናናው ተነሥቶ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል። «የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው» ብለን ባደግንበት አገር፣ ወንዶች በአደባባይ፣ በማይክራፎን፣ አንዳንዴም በመለዮ እንዲያለቅሱ የፈቀድንላቸው በትዝታ ቅኝት ብቻ ነበር። እኛ ወንዶቹም ራዲዮኑን ጠጋ ብለን፣ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ስናዳምጥ፣ ሆዳችን ውስጥ የተጠራቀመውን እነርሱ ያፈስሱልን ነበር። ሰምና ወርቅ በቅኔ ብቻ አይደለም። መለዮው ሰም ነበር፤ እንባው ወርቅ።

ስለ ቀጭን ድምፅም አንድ ምስክር ልጨምር። በ1990 ቶሮንቶ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም «ዘ ዊክንድ» ብሎ የሚያውቀው፣ በልጅነቱ በቤቱ ሲሰማቸው ካደጉት ዘፋኞች መካከል አስቴር አወቀን ጠቅሷል። የዘመናችን እጅግ ታዋቂ ከሆኑት የወንድ ድምፆች አንዱ፣ የሴት ድምፅ እየሰማ ያደገ ቀጭን ድምፅ ነው ማለት ነው። በፌርፋክስ ምግብ ቤቶች ስሙ ሲነሣ «የእኛ ልጅ!» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። «ሴታሴት» ያለው ሰው አልሰማሁም። ስለዚህ በ2014 በአዳራሹ ያስቀየመን የድምፁ መቅጠን አልነበረም። በድምፁ ውስጥ የሰማነውና ስሙን ልንጠራው ያልደፈርነው ሌላ ነገር ነበር።

፬

ስሙን እንጥራው እንግዲህ። ወንድን የሚወድ ወንድ፣ ሴትን የምትወድ ሴት፣ ከሁለቱ ጾታዎች ወደ አንዱ መግባት የከበደው ሰው በእኛ አገር አልነበረም፣ ፈረንጅ ያመጣብን ነው ሲባል ኖሯል። ቋንቋችን ግን ይመሰክርብናል። ወንዳገረድ፣ ወንዳወንድ፣ ሴታሴት የሚሉት ቃላት ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ አይደሉም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ በ1957 ስለ ደገኛው አማራ ባቀረበው ጥናት፣ በገጠር ወንዳገረድ የሚባሉ ሰዎችን ጠቅሶ፣ ከሴቶች ጋር እየዋሉ በመንደሩ ይኖሩ እንደነበር መዝግቧል። ገበሬው እንዲህ ያለውን ሰው ከክፉ ሰው ይልቅ በተፈጥሮ እንደተሳሳተ ፍጥረት አድርጎ ያዝንለት እንደነበርም ተጽፏል። ይህ ክብር ነው አልልም፤ ሐዘኔታም ንቀት አለበት። ከመንደር ማባረር ግን አልነበረም።

ሕጉ ሌላ መንገድ ሄዷል። ከውጭ ሕጎች ብዙ የቀዳው የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ድርጊቱን ወንጀል አደረገው። የ2004ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 አጸናው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ያወግዙታል። እኔም ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ፤ ከካህናቱ ጋር በዚህ ጽሑፍ ክርክር ለመግጠም አልተነሣሁም። የማነሣው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ኃጢአት ነው የተባለ ነገር ሁሉ ከጠረጴዛችን የሚያስነሣ ቢሆን፣ በዚያ አዳራሽ ማን ተቀምጦ ይቀር ነበር?

በአዲስ አበባ የተካሄዱ ጥናቶች እንደመዘገቡት፣ እነዚህ ሰዎች በስውር እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት ቃል አላቸው። «ዜጋ» ይባባላሉ። ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። በስደት ለምንኖር ሰዎች ከዚህ ቃል የሚበልጥ የሚያም ቃል ያለ አይመስለኝም። አገር የነሣንን ስም፣ እኛ የነሣናቸው ሰዎች ለራሳቸው ሰጡት።

፭

የምንኖርባት ከተማም የራሷ ታሪክ አላት። ሎስ አንጀለስን የሲኒማ ከተማ ብለን ብቻ ነው የምናውቃት። በ1967 መባቻ ሌሊት፣ በሲልቨር ሌክ ሰፈር «ብላክ ካት» በተባለ መጠጥ ቤት ፖሊስ ገብቶ ወንዶች ስለተሳሳሙ ደብድቦ አሰራቸው። በፌብሩዋሪ 11 ቀን ሰዎች በበሩ ላይ ሰልፍ ወጡ። ዓለም የሚያውቀው የኒውዮርኩ የስቶንዎል ዓመፅ የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1969 ነው።

ከዚያም በፊት፣ በ1947፣ በደቡብ ሎስ አንጀለስ ሲልቬስተር የሚባል ጥቁር ልጅ ተወልዶ ነበር። ያደገው በጰንጠቆስጤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። ድምፁ እንደ መልአክ ቀጭንና ከፍ ያለ ነበር ይባላል። ገና በአፍላነቱ ግን፣ ወንድ አፍቃሪ መሆኑ ሲታወቅ፣ የጉባኤው ፊት ስለጠቆረበት ጥሎ ወጣ። በ1978 በዚያው የቤተ ክርስቲያን ድምፁ በዘፈነው ዘፈን የዓለምን ጭፈራ ቤቶች አናወጠ፤ በ1988 በኤድስ ሳቢያ ሞተ። ጉባኤው ያጣው ድምፁን ብቻ አይመስለኝም።

የእኛም ልጆች በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉ። ከለላ ሚዛነክርስቶስ በ1983 ዋሽንግተን ተወልዳ በሜሪላንድ ያደገች የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጅ ናት። በ2013 የመጀመሪያ ሥራዋን ያሳተመው «ፌድ ቱ ማይንድ» የተባለው የሎስ አንጀለስ አሳታሚ ነው። በ2017 «ቴክ ሚ አፓርት»፣ በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ «ሬቨን» የተባሉትን አልበሞች አውጥታለች። ተቺዎች የሙከራ ፖፕና አር ኤንድ ቢ ከሚሏቸው መካከል በግንባር ቀደምነት ትጠራለች፤ ከሁለቱ ጾታዎች ልማዳዊ መስመር ውጭ የምታፈቅር ጥቁር ሴት መሆኗንም በይፋ ተናግራለች። ወንድነትን የምትመረምረው ከውጭ፣ ፍቅር ከጠየቀችው ወንድ ፊት ቆማ ነው። ይህች ልጅ የዓለምን መድረኮች ስታዳርስ፣ በፌርፋክስ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ፎቶግራፏን አላየሁም። የአቤልን ግን አይቻለሁ።

፮

በኖቬምበር 2020 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ስልካችን በቀረርቶ ተሞላ። በሁሉም ወገን ይፎከር ነበር። በፌርፋክስ ዳርቻ ጋሻም ጦርም ሳይዙ የሚፎክሩ ወንዶች አየሁ፤ ወደ ግንባር የሚሄዱት የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ። እኔ ግን ያን ዜማ ስሰማ ወደ 1977 ተመለስሁ። የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ነው። ራዲዮው ቀኑን ሙሉ ይሸልል ነበር። ታላቅ ወንድሜ በዚያ ዜማ ታጅቦ ሄደ፤ አልተመለሰም። መርዶው ሲመጣ እናቴና እህቴ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ትከሻዬን ጨብጦ «አንተ ወንድ ነህ» አለኝ። አላለቀስሁም። እነሆ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ አላለቀስሁም ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። በ2014 ለእህቴ ልጅ የነገርሁት አባቴ ለእኔ የነገረኝን ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከጦር ሰፈር ተነሥቶ፣ በአባቴ እጅ፣ በእኔ አፍ፣ ሎስ አንጀለስ ድረስ መጥቶ አንድ ልጅ ላይ አረፈ። ለተጠየቀውም ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ እውነት አልነበረም። ወንድ ልጅ በእኛ አገር ፎክሯል፤ ወንድ ልጅ በእኛ አገር በቀጭን ድምፅ አልቅሷል፤ ብዙ ጊዜም ያው አንዱ ሰው ነው ሁለቱንም ያደረገው። የሲያትሉ ልጅ በአሥራ ሦስት ዘፈን ያሳየኝ፣ እኔ በመደርደሪያዬ ለሠላሳ ዓመት አስቀምጬ ያልሰማሁትን ነው።

በአንድ የዲሴምበር ቅዳሜ አፌን በጭምብል ሸፍኜ፣ የጌታቸው መኩሪያን ሸክላ በፌስታል ይዤ 217 ቁጥር ተሳፈርሁ። በሩን የከፈተልኝ እርሱ ነው። ጢም አብቅሏል፤ ጠጉሩን ሹሩባ ተሠርቷል። ከሌላ ወጣት ጋር ነው የሚኖረው፤ ወጣቱ ተነሥቶ እንደ እኛው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ አስተምሮታል ማለት ነው። መስኮቱን ከፍተን፣ ተራርቀን ተቀመጥን። ሸክላውን ሰጠሁት፤ መርፌውን ቀስ አድርጎ አሳረፈ።

ሽለላው አልቆ ዝም ሲል «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ እየፎከረ ነው ወይስ እያለቀሰ?» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ስለ ወንድሜ መናገር ጀመርሁ። አጎቱ እንደነበረ ያውቃል፤ እንዴት እንደሄደ ግን ነግሬው አላውቅም ነበር። ስናገር ድምፄ ቀጠነ። ጭምብሌ ረጠበ። ልጁ ጥጉን ትቶ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ ወረርሽኙንም ረሳነው። ከዚያ በኋላ «ያን ቀን ተሳስቻለሁ» አልሁት። «አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። ጓደኛው ቡና አፈላ፤ ቀጥኖ ነበር፤ ጠጣሁት።

ታሪኩ በዚህ አላለቀም። የእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ ወደ ጎዳናው ደቡባዊ ጫፍ አልወረደም። ስለምነው «እነርሱ ሲጠሩኝ» ይለኛል። በየዓመቱ በሴፕቴምበር ጎዳናው ተዘግቶ የአዲስ ዓመት በዓል ሲከበር መድረኩ ላይ የሚወጡትን ወጣቶች እመለከታለሁ፤ አንዱ ቀጭን ድምፅ ሲያወጣ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት አያለሁ። ከእነርሱ መካከል ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ይኖር ይሆናል። እስከዚያው ግን እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ 217 ቁጥርን እሳፈራለሁ።